ይድነቃቸው ተሰማ፦ በኳስ ሳይከፈላቸው የአፍሪካን ኳስ ያስከበሩ ሰው

 

ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው የወረኢሉ ተወላጅ አይደሉም። ግን በእኛ ሜዳ ኳስ ከሚያንከባልለው ልጅ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ አለ። ጎበዝ ተጫዋች የሆነ ተማሪ ምን ይሁን? ኳሱን ትቶ ትምህርቱን ብቻ ይያዝ? አዲስ አበባ ወርዶ ክለብ ይፈልግ? ወይስ ባሕር ተሻግሮ እግሩን የሚገዛው ይፈልግ? ይህ ጥያቄ በየቤቱ አለ። ወላጅ ያነሳዋል፣ አሰልጣኝ ያነሳዋል፣ ደላላም ያነሳዋል። ከስልሳ ዓመት በፊት ግን ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ አህጉር ሙሉ ያነሱ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እሳቸውም ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ስማቸውን ሁላችንም እንሰማለን። ታሪካቸውን በቅጡ የምናውቅ ግን ስንቶቻችን ነን? ብዙ ጊዜ የምንሰማው የአፍሪካ እግር ኳስ አባት መባላቸውን ብቻ ነው። ምን ሠርተው እንዲህ ተባሉ? በምን ተሳካላቸው? በምንስ ተሸነፉ? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

(የዓለም ዋንጫና የአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮችን ሁላችንም እንደለመድነው በፈረንጆቹ ዓመት እንጠራለን። ሌላው ዓመት እ.ኤ.አ. ካላልን በስተቀር በእኛው አቆጣጠር ነው።)

■ የባለቅኔው ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ውስጥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። በዕለተ እንቁጣጣሽ ማለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸው፣ በዘፈናቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ፣ ድምፃቸውን ጀርመን አገር በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። የልጅ ኢያሱም የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ መሆናቸውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል።

እንግዲህ ልጁ ያደጉት ንግግር በሚከበርበት ቤት ነው። ወደ ኋላ በየስብሰባው አዳራሽ ተነስተው ሲናገሩ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጣቸው ያለ ነገር አልነበረም። የአባትን ነገር አስቡት።

ለትምህርት የገቡት አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. የተከፈተ፣ የውጭ አገር ቋንቋ የሚማሩበት፣ ከፊደል ጋር ስፖርትም የሚገኝበት ቦታ ነበር። ይድነቃቸው ከዚያ ሁለት ነገር ይዘው ወጡ። አንዱ ቋንቋ፣ ሌላው ኳስ ነው። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን አገለገሏቸው።

በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባል ቡድን ተቋቋመ። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። ይድነቃቸው ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ናቸው። ግን ብዙም ሳይቆዩ የዚሁ ቡድን ተጫዋች ሆኑ።

■ ሜዳው ሲከፈል

ቡድኑ በተቋቋመ በወራት ውስጥ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ይዞት የመጣው መድፍና የመርዝ ጋዝ ብቻ አይደለም። ነጭና ጥቁር አብሮ የማይቀመጥበትን፣ አብሮ የማይጫወትበትን የዘር ሕግም ይዞ ነው የመጣው። የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ለብቻ፣ የጣሊያኖቹ ለብቻ ተደረጉ። የአገሬው ቡድን ስሙ ሳይቀር በወራሪው ፍላጎት እንዲቀየር ተገደደ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ከዚህ አላመለጠም።

ይህን ነገር አትርሱት። ምክንያቱም ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደቡብ አፍሪካ ላይ ለምን እንደዚያ ጠንካራ እንደሆኑ የሚገባን እዚህ ጋ ነው። አፓርታይድን የሰሙት ከጋዜጣ አይደለም። ቀለምህ ይህ ስለሆነ እዚህ ሜዳ አትገባም መባልን በልጅነታቸው በገዛ ከተማቸው አይተውታል። ለሌላው አህጉራዊ መሪ ፖለቲካ የነበረው ነገር ለእሳቸው ትዝታ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን መልሶ ያዘ። ወጣቱ ይድነቃቸውም ሥራቸው ሜዳ ላይ ብቻ አልቀረም። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ሰው ነበረ እንጂ ኳስን የሚመራ አካል አልነበረም። ሕግ፣ ዳኛ፣ የውድድር መርሐ ግብር፣ ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተም፣ ሁሉም ከዜሮ መጀመር ነበረበት። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ በመመለስም ስማቸው ይነሳል። ቀን ጽሕፈት ቤት፣ ከሰዓት ልምምድ፣ እሁድ ጨዋታ። ኑሯቸው ይኸው ነበር።

■ 318 ጎል፣ ያለ ደመወዝ

አሁን ቁጥር እንጥቀስ። ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ተጫወቱ። 23 ዓመት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ታሪካቸው ይመሰክራል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጨዋታ በ1940 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር የተደረገው ሲሆን ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸንፋለች።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ጎል ምን አተረፉ? በገንዘብ ካላችሁን ምንም። ያኔ ተጫዋች ማለት ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነው። ማሊያውን አጥቦ ራሱ ይዞ ይመጣል፣ ሰኞ ደግሞ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ዛሬ አሜሪካ አገር ጎልፍ የሚጫወት የኮሌጅ ተማሪ መንገዱ የታወቀ ነው። ለትምህርት ቤቱ እየተጫወተ ይማራል፣ ከዚያ አንድ ቀን አማተርነቱን ትቶ ፕሮፌሽናል እንደሆነ ያስታውቃል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ በእጁ ችሎታ ይተዳደራል። በኢትዮጵያ በይድነቃቸው ዘመን እንዲህ ያለ በር አልነበረም። ከተማሪ ቤት ሜዳ የተነሳ ጎበዝ ተጫዋች በኳስ እንጀራ መብላት ከፈለገ ያለው ምርጫ አገሩን ለቆ መሄድ ብቻ ነበር። ይድነቃቸው ግን ሌላ ሙያ መረጡ። ኳስ ሲያቆሙ ራሱን ኳሱን ማስተዳደር ሥራቸው አደረጉት። የእሳቸው ፕሮፌሽናልነት እንዲህ ነበር ብንል ያስኬዳል።

■ ካርቱም፣ የካቲት 1949

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአራት አገሮች ሰዎች ሱዳን ካርቱም ላይ ተሰበሰቡ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ዛሬ ካፍ የምንለው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተወለደው እዚያ ነው። ኢትዮጵያን ወክለው የተገኙት ይድነቃቸው ነበሩ። ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነው። ጋና እንኳ ነጻ የወጣችው ከዚህ ስብሰባ ከሳምንታት በኋላ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊመሠረት ገና 6 ዓመት ይቀረዋል። ኳሱ ከፖለቲካው ቀድሟል ማለት ነው።

ወዲያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ሲል ችግር ተፈጠረ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ካልሆነ ቅልቅል አልልክም አለች። ሌሎቹ እንዲህ ከሆነ አትመጪም አሏት። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ ልትሆን የነበረችው ኢትዮጵያ ስለነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ጎል ያስቆጠረው አድ-ዲባ የተባለው አጥቂያቸው ነው።

ውጤቱ አያኮራም፣ እውነት ነው። ግን አራት አባል ብቻ ያለው ገና ያልጠና ማኅበር አንዱን አባሉን ለመርህ ሲል አስወጥቶ በሦስት ቡድን ውድድር ለማድረግ መቁረጡ ቀላል ነገር አልነበረም። ያኔ ፊፋ ራሱ በዚህ ጉዳይ አቋም አልነበረውም።

■ ጥር 13 ቀን 1954

ከአምስት ዓመት በኋላ ውድድሩ አዲስ አበባ መጣ። ይድነቃቸው አሁን አሰልጣኝ ናቸው። አራት ቡድን ነው የቀረበው፦ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ (ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባላለች)፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግሥት ባለው ሰሞን፣ ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተዋል። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በባዳዊ ጎል መራች። በ74ኛው ግርማ አቻ አደረገ። ሰው ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ። 2 ለ 1። ጨዋታው ወደ ማለቁ ነው። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። ተጨማሪ ሰዓት ሆነ። በ101ኛው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት። 4 ለ 2! ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ያንን ቡድን ልብ ብሎ ላየ ሰው ይገርማል። የአስመራዎቹ የቫሳሎ ወንድማማቾች ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለዱ ናቸው። መንግሥቱ ወርቁ የጎንደር ልጅ ነው። አሰልጣኙ ጅማ ተወልደው አራዳ ያደጉ ናቸው። በዘር ሕግ ከሜዳ የተለዩት ታዳጊ አድገው፣ ያንን ሁሉ ቀላቅለው ዋንጫ በሉ። ይህ የአገራችን ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ድል ሆኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

■ አፍሪካ የሌለችበት የዓለም ዋንጫ

አሁን ወደ ትልቁ ትግል እንግባ። በ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ 16 ቡድን ነበር የሚካፈለው። ከእነዚህ ውስጥ አውሮፓ አስተናጋጇን ጨምሮ 10፣ ደቡብ አሜሪካ 4 ቦታ ያዙ። ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ የተሰጠው ስንት መሰላችሁ? አንድ! የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያ አሸናፊዎች ጋር ተጋጥሞ፣ ካሸነፈ ይገባል። ካልሆነ ቀረ።

ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህ ስድብ ነው ባዮች ሆኑ። ካፍ ቦታ ካልተሰጠን አንጫወትም ብሎ ወሰነ። በማጣሪያው የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ወጡ። እኛ የወረኢሉ ሰዎች የክተት ትርጉም አይጠፋንም። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ ሲታወጅ ሠራዊቱ እንዲሰበሰብ የተቀጠረው በእኛው ወረኢሉ ነው። ክተት የሚያስፈራው ሁሉም ሲወጣ ነው፣ ግማሹ ከቀረ ዋጋ የለውም። የአፍሪካ ቡድኖች እንቢታም ዋጋ ያገኘው አንድም ስላልቀረ ነው።

አንዷ ቦታ ለሰሜን ኮሪያ ሆነች። ሰሜን ኮሪያ ጣሊያንን ጥላ ለሩብ ፍጻሜ ደረሰች። እዚያ የገጠማት ፖርቱጋል ነው። ፖርቱጋል 5 ለ 3 ስታሸንፍ አራቱን ጎል ያስቆጠረው ኤውዜቢዮ ነው። ኤውዜቢዮ ማን ነው? ሞዛምቢክ ተወልዶ ያደገ አፍሪካዊ! በውድድሩ በ9 ጎል ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ሆነ። አያችሁ ነገሩን? አፍሪካ ትታው በወጣችው ቦታ የገባውን ቡድን ከውድድሩ ያስወጣው የአፍሪካ ልጅ ነው፣ ግን የለበሰው የቅኝ ገዢውን ማሊያ ነው።

ይድነቃቸው የሚታገሉላቸው ሁለቱም ነገሮች በዚህ አንድ ጨዋታ ላይ ይታያሉ። አንደኛው የአፍሪካ ቦታ፣ ሁለተኛው የአፍሪካ ልጅ።

በመጀመሪያው አሸነፉ። ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ የራሷ አንድ ቋሚ ቦታ አገኘች፣ ሞሮኮ ገባች። በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ የአፍሪካን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ድል አስመዘገበች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ፣ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች፣ ካሜሩን አንድም ሳትሸነፍ ተመለሰች። በ1986 ሞሮኮ እንግሊዝ፣ ፖላንድና ፖርቱጋል ያሉበትን ምድብ በአንደኝነት አለፈች። ይድነቃቸው ይህን ሁሉ በሕይወት እያሉ አይተዋል።

■ የአህጉሩ መሪ

በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዝዳንት ሆኑ። እስኪሞቱ 15 ዓመት በዚያ ወንበር ቆዩ። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በእሳቸው ዘመን በ1975 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተጀመረ። በ1976 ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ተካሂዶ ሞሮኮ ዋንጫውን ወሰደች።

ሰኔ 1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ የፊፋ ምርጫ ነበር። እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ወንበሩን ይዘዋል። ራውስ ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ እንድትመለስ የሚደግፉ ሰው ነበሩ። ብራዚላዊው ዣዎ አቬላንዥ ተወዳደሯቸው። የዓለም ዋንጫን እናሰፋለን፣ አፓርታይድን አንቀበልም አሉ። የአፍሪካ ድምፅ ወደ አቬላንዥ ሄደ፣ ራውስ ወደቁ። ከአውሮፓ ውጭ ባለች አገር ድጋፍ የፊፋ ፕሬዝዳንት ሲወርድ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ሙሉ በሙሉ ተባረረች።

በዚያው 1966 ዓ.ም. አገር ቤት አብዮቱ ፈንድቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወረዱ፣ ደርግ መጣ። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ካስወሰዱት አሰልጣኝ በኋላ ብዙ የዘመኑ ሰው እስር ቤት ገባ፣ ብዙው ተሰደደ፣ ብዙው ሞተ። ይድነቃቸው ግን በአህጉሩ መሪነት ቀጠሉ። ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ቢያልፉም ስለ ደቡብ አፍሪካ ያላቸው አቋም አንድ ነበር፣ ስለ አፍሪካ ቦታም ያላቸው ጥያቄ አንድ ነበር።

■ የተሸነፉበት ትግል

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ጎበዙ ልጅ ይሂድ ወይስ ይቅር?

ካፍ በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ ደንብ አወጣ። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ብሔራዊ ቡድን ውጭ አገር የሚጫወቱ ከሁለት በላይ ተጫዋቾች ማሰለፍ አይችልም አለ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ውድድሩ አፍሪካ ውስጥ ለሚጫወቱ ልጆች ይሁን፣ አገር ቤት ያለው ሊግ ዋጋ ይኑረው ነው። ደንቡ እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ቆየ።

ልጆቹ ግን መሄዳቸውን አላቆሙም። የማሊው ሳሊፍ ኬይታ በ1967 እ.ኤ.አ. ወደ ፈረንሳዩ ሴንት ኤቲየን ሄደ። በ1970 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ሮጀር ሚላም በ1977 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ከዚያ በኋላማ መንገዱ ሰፋ።

ይድነቃቸው በመጨረሻዎቹ የሥልጣን ዓመታቸው ይህን ነገር በብርቱ ነው የተናገሩበት። የመከራከሪያቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። አፍሪካ መምረጥ አለባት። ወይ ልጆቿን ይዛ፣ ሊጓን አሳድጋ፣ አንድ ቀን በራሷ ስም የዓለም አናት ላይ ትወጣለች። ወይ ደግሞ ምርጦቿን እያስረከበች ለሀብታም አገሮች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች። የሚወስዱብንም ሰዎች አዝነው ኳሳችንን ያሳድጉልናል ብለን አንጠብቅ ነው ያሉት።

ጥሬ ዕቃ የምትለዋን ቃል ያዙልን። ቡናችን በጆንያ ይወጣል፣ ተቆልቶና ታሽጎ ትርፉ የሌላ ይሆናል። ቆዳችንም እንደዚያው። ይድነቃቸው የልጅ እግርም እንደ ጆንያ ቡና መውጣት ጀምሯል ነው ያሉት። በጅማ የተወለደ ሰው ይህን ሲል ምን እንደሚናገር ያውቃል።

ይህን ትግል ግን ተሸነፉ። ደንቡ ተነሳ። እሳቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በካንሰር ሕመም በ65 ዓመታቸው አረፉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ እናንተ እንደምታዩት ነው። ዛሬ የአፍሪካ ዋንጫ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ኮከቦች ኑሯቸው አውሮፓ ነው።

■ ታዲያ ማን ትክክል ነበር?

እኛ ይህን ስናነሳ ይድነቃቸውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። በሁለቱም በኩል መታየት ያለበት ነገር አለ።

በአንድ በኩል፣ ተጫዋች ሰው ነው። እናት አባት አለው፣ ጎጆ መሥራት ይፈልጋል። የጉልበቱ ዘመን አሥር አሥራ አምስት ዓመት ቢሆን ነው። አገሩ ደመወዝ ሳትከፍለው አትሂድ ብትለው ፍርድ ነው ወይ? መንግሥቱ ወርቁን የመሰለ ተጫዋች የክለብ ዘመኑን በሙሉ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቶ ያገኘው ክብር ትልቅ ነው፣ ገንዘቡ ግን ከክብሩ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በዚያ ላይ አውሮፓ የሄዱት ልጆች ለየአገራቸው ቡድን ጥቅም ሰጥተዋል። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው አፍሪካዊት አገር ሞሮኮ ከ26 ተጫዋቾቿ 14ቱ ውጭ አገር የተወለዱ ናቸው። የሄደው ሰው ልጁን መልሶ ልኳል ማለት ነው። ይህን ይድነቃቸው አልገመቱትም።

በሌላ በኩል ደግሞ የእኛን አገር ተመልከቱ። ልጆቻችን እንደ ምዕራብ አፍሪካ በብዛት ወደ አውሮፓ አልሄዱም፣ አገር ቤትም ኳሱ አልተገነባም። ኢትዮጵያ ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2013 ነው። 31 ዓመት! ካፍን ከመሠረቱት አንዷ የሆነች አገር 31 ዓመት ከዳር ቆማ አየች። ይህ የሚያሳየን ልጅን አስቀርቶ ብቻ ኳስ እንደማያድግ ነው። ሜዳ፣ አሰልጣኝ፣ የታዳጊዎች ውድድር፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ያስፈልጋል። ይድነቃቸውም ይቅሩ ሲሉ ዝም ብሎ ይቀመጡ ማለታቸው አልነበረም። የሚቀሩበት ነገር ይኑር ነበር የሚሉት። ደንቡን አወጡ፣ የሚቀሩበትን ነገር መሥራት ግን የየአገሩ መንግሥትና ፌዴሬሽን ድርሻ ነበር። እሱ ነው የጎደለው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ይድነቃቸው ሂድ አትሂድ በሚለው ተሸንፈዋል። በጥሬ ዕቃው ነገር ግን ዛሬም አልተሸነፉም። እስከ አሁን ድረስ ልጁን ከልጅነቱ አሳድጎ የሚያወጣው ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚገባውን አያገኝም፣ በዋናነት የሚያተርፈው ሻጭና ገዢ ነው።

■ ለእኛስ?

ወረኢሉ ላይ፣ ደጎሎ ላይ፣ መካነ ሰላም ላይ ጎበዝ ልጆች አሉን። ብርዱንና ከፍታውን ችለው የሚሮጡ፣ በጨርቅ ኳስ ጀምረው ለወረዳና ለዞን የሚጫወቱ። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ከመጽሐፉ ጋር ኳሱንም የያዙ ተማሪዎች አሉ። ከይድነቃቸው ሕይወት ለእነዚህ ልጆች ሦስት ነገር እናወጣለን።

አንደኛ፣ ትምህርቱን አትጣሉት። ይድነቃቸው በ318 ጎላቸው ብቻ ቢሆን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የጊዮርጊስ ደጋፊ ብቻ ነበር። ካርቱም ያደረሳቸው፣ በፊፋ ጉባኤ ያስከበራቸው ቋንቋቸውና ዕውቀታቸው ነው። እግር ይደክማል፣ ጉልበት ይከዳል። የተማሩት ግን ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ከሜዳ መውጣት የስፖርት መጨረሻ አይደለም። ዳኝነት አለ፣ አሰልጣኝነት አለ፣ አስተዳደር አለ። አገራችን የጎደላት ጎል አግቢ ብቻ ሳይሆን ውድድር በወቅቱ የሚያካሂድ፣ ሒሳብ በትክክል የሚይዝ፣ ለታዳጊ የሚቆረቆር ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ለወላጆች። ልጅህን ውጭ አገር ለሙከራ እወስደዋለሁ፣ ይህን ያህል ብር አምጣ የሚል ሰው ሲመጣ በደንብ አጣሩ። እውነተኛ ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ ከቤተሰብ አስቀድሞ ብር አይሰበስብም። ላም ሸጦ፣ መሬት አስይዞ ልጅን ለማያውቁት ሰው መስጠት ይድነቃቸው ከፈሩት ጥሬ ዕቃ መሆንም ይብሳል፣ ጥሬ ዕቃ እንኳ ገዢው ከፍሎ ነው የሚወስደው።

ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ሲወድቅ ወደ ካፍ ተመለሰች። በ1996 ነጭና ጥቁር በአንድ ማሊያ ተሰልፈው የአፍሪካ ዋንጫን በሉ። በካርቱም የተባረረችው አገር በካርቱም በተነገራት መንገድ ተመልሳ መጣች። ይድነቃቸው ይህን ለማየት 9 ዓመት ቀደም ብለው ሄዱ። ግን ያሉት ሆነ።

የቀረው የልጆቹ ጉዳይ ነው። እሱ በእኛ እጅ ነው ባይ ነን። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሰፈራችሁ ጎበዝ ሆኖ ሜዳ ያጣ፣ አሰልጣኝ ያጣ ልጅ አለ? ምን ቢደረግ ይሻላል? ሐሳባችሁን ጻፉልን፣ ለኳስ ወዳጆችም ሼር አድርጉላቸው። ሰላም ሁኑ!